የጠመንጃ ክብደትና ሚዛን፦ እንዴት ይለካል፣ እንዴትስ ይስተካከላል?

ሁለት ጠመንጃ ሚዛን ላይ ወጥተው ሁለቱም እኩል 4 ኪሎ ይሆናሉ። ትከሻዎ ላይ ሲደግፏቸው ግን አንዱ ይቀላል፣ ሌላው ድንጋይ ነው። ሚዛኑ አልዋሸም፣ እጅዎም አልዋሸም። ሚዛን የሚናገረው ስንት ኪሎ እንደሆነ ነው፤ እጅ የሚሰማው ኪሎው የት እንደተቀመጠ ጭምር ነው። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፍ ባለታንኳ ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። የታንኳው አፍንጫ ሲደፋበት እንጨቱን ሐይቅ ውስጥ አይጥልም፤ ሁለት እቅፍ ያህል ወደ ኋላ ያሸጋሽጋል።

ብዙ ሰው “ጠመንጃዬ ከበደኝ” ሲል ከመጨረሻው ይጀምራል። እንጨቱን ያስፍቃል፣ ሰደፉን ያስቆርጣል። ከዚያም ጠመንጃው ይቀላል እንጂ አይገራም፤ ከሰደፉ 200 ግራም ሲነሳ የሚዛኑ ነጥብ (ጠመንጃው ሲንጠለጠል አግድም የሚቆምበት ቦታ) ወደ ፊት ይሄዳልና አፈሙዙ ከበፊቱ የባሰ ይደፋል። የተቆረጠ ሰደፍ ደግሞ ተመልሶ አይቀጠልም። ስለዚህ መጀመሪያ ይለኩ፣ ቀጥሎ አያያዝዎን ያስተካክሉ፣ እንጨትና ብረት መንካት በስተመጨረሻ ይሁን።

ይህ ሁሉ ፈቃድ የወጣበትን መሣሪያ የሚመለከት ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ከልክሏል። እዚህ የተጻፈው ሥራ አብዛኛው አንድም ጥይት አይጠይቅም፤ መተኮስ የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም በተፈቀደ የተኩስ ቦታ ብቻ።

ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም

ጥይቱን በሙሉ አውጥተው ሌላ ክፍል ውስጥ ይቆልፉበት። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት፣ ቢቻል ወደ አፈር ክምር ወይም ወደ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ይዙር። የቆርቆሮም ሆነ የጭቃ ግድግዳ ጥይት አያቆምም፤ ከጀርባው ጎረቤት አለ።

ክላሽ ላይ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። መጀመሪያ ካዝናው ይነቀላል፣ ከዚያ ማቀባበያው ይሳባል። ካዝናው ሳይነቀል ማቀባበያው ከተሳበ የጎረሰው ጥይት ይወጣል፣ ሌላው ግን ወዲያው ከካዝናው ተነስቶ ይተካል። ሰውዬው ጥይቷ ስትወድቅ አይቷልና “አወጣሁት” ብሎ ያምናል፤ የያዘው ግን የጎረሰ ጠመንጃ ነው። ብዙ አደጋ የሚደርሰው እዚህች ላይ ነው።

ቤልጅግና መሰል ማውዘሮች ካዝናቸው ከአካላቸው ጋር አንድ ነው። ማቀባበያውን ወደ ኋላ ስበው ጥይቶቹን አንድ በአንድ ካወጡ በኋላ የካዝናውን ወለል በአውራ ጣት ጫን ያድርጉት፤ ሞላው ብቻ መልሶ የሚገፋዎ ከሆነ ባዶ ነው። በመጨረሻ ትንሿን ጣት ወደ ማጉረሻው ያስገቡ። መብራት በሄደበት ምሽት ጣት ከዓይን ይልቅ ይታመናል።

መለኪያው

የስፌት ሜትር፣ ሁለት ሜትር ሲባጎ፣ ጠመኔ ወይም የወረቀት ፕላስተር፣ እና በየገበያው የሚታየው ባለሞላ ተንጠልጣይ ሚዛን ይበቃሉ። ሞላ ይደክማልና ሚዛኑን አስቀድመው ይፈትኑት፤ ሁለት ሊትር ውኃ የሞላ ጠርሙስ ሲሰቅሉበት 2 ኪሎ ላይ ወይም ከዚያ እጅግ ጥቂት ከፍ ብሎ መቆም አለበት። 1.8 ካሳየዎ ልዩነቱን ይዘው ያስሉ ወይም ሌላ ሚዛን ይፈልጉ።

ጠመንጃው የሚለካው በሚያዝበት ሁኔታ ነው፤ ማንገቻው ካለ ከነማንገቻው፣ የመወልወያ ዘንጉ ከነቦታው። ሙሉ ካዝና ያለውን ስሜት ለማወቅ ጥይት መመለስ አያስፈልግም። የክላሽ ጥይት አንዱ 16 ግራም ያህል ስለሆነ 30ው ወደ 490 ግራም ይመጣል። ያንን ያህል አሸዋ በላስቲክ ቋጥረው ከባዶው ካዝና ጋር በፕላስተር ጠቅልለው ያስሩት፤ ለልኬት ያው ነው።

የሚዛኑን ነጥብ ለማግኘት ሲባጎውን ከጣሪያ ማገር ወይም ከጠንካራ በር መቃን ላይ ያስሩና ጫፉን ጠመንጃው የሚያልፍበት ቀለበት ያድርጉት። ጠመንጃውን ከወለሉ አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ አድርገው ያንጠልጥሉ፤ ቢያመልጥ ጉዳት እንዳይደርስ ከታች ብርድ ልብስ ያንጥፉ። አፈሙዙ ከደፋ ቀለበቱን ወደ ፊት፣ ሰደፉ ከደፋ ወደ ኋላ በጣት ስፋት በጣት ስፋት ያንቀሳቅሱት። ጠመንጃው አግድም ሆኖ ፀጥ ሲል ቀለበቱ ያለበት ቦታ ላይ በጠመኔ ያስምሩ። ከዚያ ከሰደፉ ተረከዝ እስከ ምልክቱ፣ ከቃታውም እስከ ምልክቱ ለክተው ይጻፉ። የንፋስ ቀን በረንዳ ላይ አይሞክሩት። ከቀትር በኋላ ከጣና ወደ የብስ የሚመጣው ነፋስ የተንጠለጠለ ጠመንጃ እንደ ደወል ምላስ ያወዛውዘዋል፤ በጠዋት ወይም በዝግ ክፍል ይሥሩ።

ሁለት የማድ ቤት ሚዛን ያለው ሰው ይበልጥ ትክክለኛ መንገድ አለው። በአንዱ ሚዛን ላይ ሰደፉን፣ በሌላው ላይ የበርሜሉን ጫፍ በቀጭን ጣውላ ጠርዝ ያሳርፉ። ሁለቱ ንባቦች ሲደመሩ ጠቅላላ ክብደቱ ነው። የፊቱን ንባብ በሁለቱ ድጋፎች መካከል ባለው ርቀት አባዝተው ለጠቅላላው ሲያካፍሉት የሚዛኑ ነጥብ ከኋላው ድጋፍ ምን ያህል እንደሚርቅ ይወጣል። ለምሳሌ የኋላው 2.1 ኪሎ፣ የፊቱ 1.8 ኪሎ፣ ርቀቱ 100 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 1.8 ሲባዛ በ100 ሲካፈል ለ3.9፣ 46 ሳንቲ ሜትር ይሰጣል። ከሲባጎው ልኬት ጋር ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለያየ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አንደኛው ሚዛን ከሌላው ከፍ ብሎ መቀመጡ ነው።

በአሮጌ ጠመንጃ ላይ ከመለካት በፊትም ፍንጭ አለ። በእጅ ብዛት ወዝቶ የሚያብለጨልጨውን የእንጨት ክፍል ይመልከቱ፤ ሰው አንጠልጥሎ ሲሄድ እጁ ሳያስበው የሚዛኑን ነጥብ ይፈልጋልና ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል

ለአብዛኛው ሰው የሚመች ጠመንጃ ሚዛኑ በሁለቱ እጆች መካከል የሚያርፍ ነው። በማውዘር ዓይነት ጠመንጃ ይህ ከቃታው ፊት ከ10 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ባለው ቦታ ይወድቃል። ከዚያ በላይ ወደ ፊት ከሄደ አፈሙዙ ከባድ ነው፤ አንዴ ኢላማው ላይ ካረፈ ይረጋል፣ ግን ክንድ ቶሎ ያደክማል። ወደ ቃታው ከተጠጋ ለማዞር ፈጣን ነው፤ ሲያነጣጥሩበት ግን አፈሙዙ እንደ ሸንበቆ ይርገበገባል።

የሚዛኑ ነጥብ ግን ሁሉን አይናገርም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ነው። አንድ ሜትር ዱላ ይውሰዱና ሁለት ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ ሞልተው ከመሐሉ ግራና ቀኝ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይሰሩበት። መሐሉን ይዘው እንደ ቁልፍ ወዲያ ወዲህ ያሽከርክሩት። አሁን ጠርሙሶቹን ፈትተው ሁለቱ ጫፎች ላይ፣ ማለትም በ50 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሰሩና ድገሙት። ክብደቱ ያው ነው፣ የሚዛኑ ነጥብም ያው መሐል ነው፤ ነገር ግን የእጅ አንጓዎ ይጮሃል። ርቀቱ አምስት እጥፍ ሲሆን ጠርሙሶቹ ለመዞር የሚያሳዩት እምቢታ አምስት ጊዜ አምስት፣ ሃያ አምስት እጥፍ ይሆናል።

ጠመንጃም ላይ እንዲሁ ነው። የ1874 (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ የእኛው ውጅግራ፣ 4.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ርዝመቱ ግን 1.3 ሜትር ነው። ካራባይን 98k የሚባለው የጀርመን ማውዘር 1.11 ሜትር ሆኖ 3.9 ኪሎ ገደማ ነው። በኪሎ የሚለያዩት በ300 ግራም ብቻ ነው። ዛፍ በበዛበት የሐይቅ ዳር ቁጥቋጦ መካከል ሲያዞሯቸው ግን አንዱ ዘንግ፣ ሌላው ዱላ ነው። የውጅግራው 82 ሳንቲ ሜትር በርሜል ብረቱን ሁሉ ወደ ሩቅ ጫፍ ወስዶታል። አዲሱ ክላሽ (ኤ.ኬ.ኤም.) ያለ ካዝና 3.1 ኪሎ፣ ርዝመቱ 88 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ በእጅ ላይ ፈጣን ነው፤ ፈጣን የሆነው ግን በኢላማው ላይ ለመንቀጥቀጥም ጭምር ነው።

ጥይት ሲወጣ ሚዛኑ የሚሄድባቸው ጠመንጃዎችም አሉ። የ1886ቱ (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ ጠመንጃ ሌቤል ስምንት ጥይት በበርሜሉ ስር ባለ ቱቦ ይይዛል። ሲሞላ ከ200 ግራም በላይ የሚሆን ጭነት ከሚዛኑ ፊት ይቀመጣል፤ ጥይቱ እያለቀ ሲሄድ ነጥቡ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ወደ ኋላ ይመለሳል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጥይት አንድ ዓይነት ጠመንጃ የሚተኩሳቸው አይመስልም። ክላሽ ላይ ካዝናው ለሚዛኑ ነጥብ ቅርብ ስለሆነ ግማሽ ኪሎ ጥይት ቢያልቅም ነጥቡ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ ላይሄድ ይችላል። መቅለሉ ግን ይሰማል።

ርግጫው

ክብደት በጎ ውለታ የሚሠራበት አንድ ቦታ አለ፤ ርግጫ ላይ። አረሩና የባሩዱ ጋዝ ወደ ፊት በሚሄዱበት ግፊት ልክ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይገፋል። የማውዘሩ ከባድ አረር 12.8 ግራም ሆኖ በሰከንድ 760 ሜትር ያህል ይወጣል። 3 ግራም የሚሆነውን የባሩድ ጋዝ ጨምረን ስናሰላ 3.9 ኪሎው ጠመንጃ ወደ ትከሻ የሚመጣው በሰከንድ 3.4 ሜትር ግድም ነው፣ ጉልበቱም ከ22 ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው) አያንስም። ክላሹ ከነሙሉ ካዝናው 3.9 ኪሎ ገደማ ሆኖ ሳለ አረሩ 8 ግራም ብቻ ስለሆነ ርግጫው 8 ጁል እንኳ አይሞላም። በክብደት እኩል የሆኑት ሁለቱ በርግጫ ሦስት እጥፍ ይለያያሉ ማለት ነው።

ማውዘሩ ላይ ግማሽ ኪሎ ቢጨመር ርግጫው ከመቶ 11 እጅ ያህል ይቀንሳል። ደስ የሚል ቁጥር ነው፤ ግን ግማሽ ኪሎውን ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው ሰው ዋጋውን ይከፍላል። ሰደፉ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጎማ ማልበስ ርግጫውን በጁል ባይቀንሰውም ጊዜውን ያረዝመዋልና ትከሻ የሚሰማው እፎይታ ከዚህ ይልቃል። የመኪና ከመነዳሪ ሁለት ሦስት ደርብ አድርገው ሰፍተው ቢያለብሱት ያገለግላል። ጎማው ሰደፉን እንደሚያረዝመው ግን አይርሱ። ክርንዎን አጥፈው ሰደፉን ከክርንዎ እጥፋት ላይ ሲያሳርፉ የጠቋሚ ጣት የመጀመሪያ አንጓ ቃታው ጋ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ሰደፉ ረዝሟል፤ ረጅም ሰደፍ ጠመንጃውን ወደ ፊት ይገፋና በሚዛን ቀላል የነበረውን በእጅ ያከብደዋል። አጭር ሰው “ከበደኝ” ያለው ጠመንጃ ብዙ ጊዜ የረዘመበት ነው።

አፈሙዙ ሲተኮስ ወደ ላይ የሚዘለው ደግሞ በርሜሉ ከትከሻ መደገፊያው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ነው። ግፊቱ ከላይ፣ መቋቋሚያው ከታች ሲሆን ጠመንጃው ይሽከረከራል። ከፊት ያለ ክብደት ይህን ዝላይ ይይዛል። አፈሙዝ ከበድ ያለውን ጠመንጃ ሽማግሌዎች የሚወዱት ያለ ነገር አይደለም።

ብረቱን ሳይነኩ የሚገኝ ማስተካከያ

የግራ እጅ አቀማመጥ ብቻውን ተአምር ይሠራል (ግራኝ ለሆነ ሰው ተገልብጦ ይነበብ)። ያንኑ 3.9 ኪሎ ጠመንጃ ሚዛኑ ከሰደፉ 46 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል። ግራ እጅ በትክክል ነጥቡ ላይ ከሆነ 3.9ኙን ሙሉ ይሸከማል። እጁን ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ቢያስቀድሙት የሚሸከመው ወደ 3 ኪሎ ይወርዳል፤ የቀረው በትከሻና በቀኝ እጅ ላይ ያርፋል። ስለዚህ እጅን ማስቀደም ይሻላል ማለት ነው? ተኝተው ወይም ተደግፈው ከሆነ አዎ። ቆመው ከሆነ ግን ክንዱ በተዘረጋ ቁጥር ጡንቻ ነው የሚሸከመው፤ ጡንቻ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። የቆመ ተኳሽ እጁን ወደ ራሱ ሰብስቦ ክርኑን ከጎድኑ ጋር አጣብቆ ቢይዝ ክብደቱን ለአጥንት ያስረክባል። የኦሎምፒክ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ተወዳዳሪዎች እስከ 5.5 ኪሎ የሚፈቀድ ጠመንጃ ቆመው የሚይዙት በዚህ ነው፤ ግራ እጃቸውን ከቃታው እምብዛም አያርቁም። የሚያነጣጥሩት የአሥር ነጥብ 0.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ብቻ ነው፤ በጡንቻ ተይዞ የሚመታ አይደለም።

ቁጭ ብለው ሲያነጣጥሩ ክርን በጉልበት ቆብ ላይ አይቀመጥ፤ አጥንት በአጥንት ላይ ይንሸራተታል። ከጉልበቱ ትንሽ አሳልፈው በስጋው ላይ ያሳርፉት።

ማንገቻ ችላ ይባላል እንጂ ከባድ ነገር ነው። የቆዳ ማንገቻ በክረምት ዝናብ ሲርስ ክብደቱ ይጨምራል፤ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ደግሞ ጠመንጃውን ይዞት ይወዛወዛል። በሚያነጣጥሩበት ጊዜ ወይ በክንድዎ ላይ ጠቅልለው ያጥብቁት፣ ወይ ከሰደፉ ጋር ያስሩት። የማውዘር ማንገቻ ፊት በርሜሉንና እንጨቱን በሚያስር ቀለበት ላይ ስለሚያያዝ አጥብቀው ሲስቡት በርሜሉን ወደ ጎን ይጫነዋል፤ አንድ ቀን አጥብቆ ሌላ ቀን አላልቶ የሚተኩስ ሰው ጥይቱ ለምን እንደሚለያይበት አይገባውም።

ጠመንጃን አንገት ላይ አጋድሞ ሁለት እጅ አንጠልጥሎ መሄድ ለሚዛን የተመቸ ነው፤ ነጥቡ ማጅራት ላይ ይውላልና ድካም የለውም። ነገር ግን አፈሙዙ ጎን ለጎን የሚሄደውን ሰው ሁሉ እየጠረገ ያልፋል። ሰው ባለበት መንገድ ላይ አፈሙዙን ወደ ታች ወይም ወደ ላይ አድርገው ያንግቱት።

ክብደት መጨመርና መቀነስ

አሁን ወደ ብረቱ። መጀመሪያ የሚነሳውን ያንሱ፤ ከበርሜሉ ጫፍ የታሰረ ሻሽ፣ የማያስፈልግ መብራት፣ ሳንጃ። ከሚዛኑ 70 ሳንቲ ሜትር ቀድሞ የሚቀመጥ 400 ግራም ሳንጃ 3.9 ኪሎ ጠመንጃ ላይ ነጥቡን 6.5 ሳንቲ ሜትር ያስቀድመዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚጨመረውን ክብደት ከነባሩ ነጥብ ባለው ርቀት አባዝቶ ለአዲሱ ጠቅላላ ክብደት ማካፈል። ሳንጃው የጥይቱን ማረፊያም ይለውጣል። ሩሲያውያን ሞሲን ጠመንጃቸውን የሚያስተካክሉት ሳንጃው እንደተሰካ ነበር፤ ሳንጃውን ያወለቀ ሰው ጥይቱ ሌላ ቦታ ያርፍበታል።

አፈሙዝ ከባድ ለሆነበት ሰው መፍትሔው ሰደፉ ጋ ክብደት መጨመር ነው። ከነጥቡ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ 300 ግራም ቢቀመጥ ነጥቡ 2.9 ሳንቲ ሜትር ይመለሳል፤ ይህ በእጅ ላይ በግልጽ ይታወቃል። ለዚህ ከእርሳስ የሚሻል የለም፤ ለአሣ መረብ ማስመጫ የሚሸጠው እርሳስ ትክክለኛው ነው። 300 ግራም እርሳስ በድምጹ 26 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም ሁለት ጣት ውፍረት ያላት ትንሽ ነገር ናት። አያቅልጡት፤ ጭሱ መርዝ ነው። እንዳለ ይጠቀሙበት፣ ከነኩት በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ሕፃናት ከሚደርሱበት ያርቁት።

አሮጌ ሰደፍ ግን አይብሱ። የፋብሪካ ቁጥር ያለበት የቤልጅግ እንጨት አንዴ ከተበሳ ዋጋውም ወገቡም ይሰበራል፤ በተለይ ከቃታው ኋላ ያለው ቀጭን አንገት ርግጫውን የሚያስተላልፈው እሱ ስለሆነ። በምትኩ ከሰደፉ ጋር በጥብቅ የሚሰፋ የቆዳ ከረጢት ያሠሩ፣ እርሳሱን በጨርቅ ጠቅልለው ይክተቱ። ክላሹ ሰደፉ ውስጥ የመወልወያ ዕቃ ማስቀመጫ ቀዳዳ አለው፤ እርሳስ እዚያ ሲገባ ዙሪያው በጨርቅ ካልተጨመቀ በእያንዳንዱ እርምጃ ይንኳኳል፣ ሲተኮስም እንደ መዶሻ ይመታል።

ፊቱ ቀሎ ለሚርገበገብበት ሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በበርሜሉ ላይ ሳይሆን በፊተኛው እንጨት ስር ከ100 እስከ 150 ግራም ይበቃል። ፊት ርቀቱ ስለሚበዛ ትንሽ ክብደት ብዙ ያንቀሳቅሳል። በርሜሉ ላይ በቀጥታ የታሰረ ክብደት የበርሜሉን ንዝረት ይለውጣልና ጥይቱ ማረፊያውን ይስታል።

እንጨቱና ክረምቱ

የተሰበረ ሰደፍ የሚያስተካ ሰው እንጨቱን በዓይን ብቻ አይምረጥ። የአንድ ጠመንጃ ሙሉ እንጨት 1.2 ሊትር ያህል ድምጽ አለው እንበል። ከዋንዛ ቢሠራ ከ500 እስከ 600 ግራም፣ ከወይራ ቢሠራ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመጣል። ግማሽ ኪሎ ልዩነት ነው፣ አብዛኛውም ከነጥቡ ኋላ። አፈሙዝ ከባድ ለሆነ ረጅም ጠመንጃ ወይራ ሚዛኑን ይመልሳል፤ ለአጭር ግን ሰደፉን ድንጋይ ያደርገዋል። ዋንዛ ለመሥራት የተመቸ ነው፣ ግን ለስላሳ ስለሆነ ብሎኖቹ ከስሩ እየበሉት ይላላሉ፤ ከብሎኑ ስር የብረት ቱቦ ይግባበት። በየትኛውም እንጨት የሰደፉ አንገት ላይ መሥመሩ በአንገቱ ርዝመት መሄድ አለበት። ሰያፍ ከሆነ ቆንጆም ቢሆን ይተዉት፤ አንድ ቀን ከዚያው ይሰነጠቃል።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ክረምቷ እርጥብ ነው። ያልተቀባ እንጨት ከሰኔ እስከ መስከረም ውኃ ይጠጣል፤ 800 ግራም እንጨት 40 ግራም ያህል ቢጨምር አይገርምም። ከክብደቱ ይልቅ የሚያስቸግረው እብጠቱ ነው፤ ያበጠው እንጨት በርሜሉን ከጎን ይጫናል፣ በጋ ላይ የተስተካከለ ጠመንጃም በነሐሴ ይስታል። አንድ ወረቀት በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል ያንሸራቱ፤ በጋ ላይ ያልፍበት የነበረበት ቦታ አሁን ከያዘዎ ነገሩ ያ ነው።

መከላከያው የተልባ ዘይት ነው። በጨርቅ እጅግ ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ጠርገው ያንሱ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ያድርቁ፣ ይህን አምስት ስድስት ጊዜ ይድገሙ። ወፍራም አድርጎ አንዴ መቀባት ተለጣፊ ቆዳ ይሠራል እንጂ አይደርቅም። የፓልም ዘይትና ቅቤ ጨርሶ አይደርቁም፤ አቧራ ይሰበስባሉ። ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ጨምድደው ጥግ ላይ አይጣሉ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨመደደ ጨርቅም በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያስጡት።

መፈተን

ባዶ መሆኑን እንደገና አረጋግጠው፣ ከኋላው አፈር ወይም ግንብ ባለው ስፍራ በአሥር እርምጃ ላይ የጥፍር ያህል ነጥብ ይለጥፉ። ጠመንጃውን አንስተው 8 ሰከንድ ያነጣጥሩና ያውርዱ፤ ከዚያ በላይ አይያዙ፣ እስትንፋስም ክንድም ይከዳል። አሥር ጊዜ ደጋግመው የፊቱ ማነጣጠሪያ ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ይመልከቱ። ቀስ ብሎ ወደ ታች እየሰመጠ ከሆነ አፈሙዙ ለእርስዎ ከብዷል ወይም ክርንዎ ከስሩ ወጥቷል። ወደ ግራና ቀኝ ከሆነ መጀመሪያ እግርዎን ያንቀሳቅሱ፤ ካልተስተካከለ ፊቱ ቀሏል። ቀጥሎ ሁለት ነጥቦች በሁለት ሜትር ርቀት ለጥፈው ከአንዱ ወደ ሌላው ያዙሩ። ከነጥቡ አልፎ የሚሄድና የሚመለስ ከሆነ ጫፉ ከባድ ነው፤ በየመሐሉ እየቆመ የሚሄድ ከሆነ ቀላል ነው።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፣ የተለወጠውንም ከነግራሙ በደብተር ይጻፉ። ሰደፉን አርዝሞ፣ እርሳስ ጨምሮ፣ ማንገቻ ቀይሮ በአንድ ቀን የሞከረ ሰው የትኛው እንደረዳው፣ የትኛው እንደጎዳው አያውቅም።

የተስማማዎትን ካገኙ በኋላ በተፈቀደ የተኩስ ቦታ ማነጣጠሪያውን እንደገና ያስተካክሉ፤ ክብደት የተነካ ጠመንጃ የድሮውን ማረፊያ ይዞ አይቆይም። በሦስት ጥይት አይፍረዱ፣ ከአንድ መደገፊያ ላይ ሆነው አምስት አምስት አድርገው ይተኩሱ። የቆዳ ከረጢት ያሠራ ሰው ከሳምንት በኋላ ሲባጎውን እንደገና ያውጣ፤ አዲስ ቆዳ ክብደት ሲሸከም ይለጠጣል፣ እርሳሱም ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ይገኛል።